ሕፃኑ በሥዕሉ ሲናገር

ስለ ሕፃናት ምግብ፣ ልብስና ትምህርት ዘወትር እንነጋገራለን። ስለ ውስጣዊ ስሜታቸው የምንነጋገረው ግን ጥቂት ነው። ትንሽ ልጅ ሐዘኑንና ፍርሃቱን የሚገልጽበት ቃል ያጥረዋል፤ ወረቀትና እርሳስ ሲያገኝ ግን በእጁ ይናገራል። ይህን ንግግር እንዴት እንደምናደምጥ እንመልከት።

በቅድሚያ ልጅ በየዕድሜው ምን እንደሚሥል ማወቅ ያሻል። በሁለት ዓመት ገደማ መስመር ይሞነጫጭራል። በሦስትና በአራት ዓመት ሰውን ሲሥል ብዙ ጊዜ ትልቅ ክብ ራስ ያበጅና እግሮቹን ከራሱ ሥር ያወጣል። ይህ የተለመደ የዕድገት ደረጃ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ከአምስት ዓመት ወዲህ ምድርን ከታች፣ ሰማይን ከላይ አድርጎ ቤትና ሰዎችን ያሰፍራል።

ሥዕል የሐዘን መናገሪያ መሆኑን የጎረቤታችን የሱዳን ልጆች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሂዩማን ራይትስ ዎች አጥኚዎች ከዳርፉር ወደ ቻድ የተሰደዱ ቤተሰቦችን ሲያነጋግሩ፣ ልጆቹ እስከዚያው እንዲጫወቱ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጧቸው። ምን እንደሚሥሉ ማንም አላዘዛቸውም። እነርሱ ግን የሚቃጠሉ ጎጆዎችን፣ ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖችንና በፈረስ የመጡ ታጣቂዎችን ሣሉ። በኒውዚላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናትም ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ስሜታቸውን የነካ ነገር እየሣሉ ሲናገሩ፣ በቃል ብቻ ከተጠየቁት ከእጥፍ በላይ እንደሚገልጹ አረጋግጧል።

ሆኖም ሥዕል አይቶ መፍረድ አይገባም። ጥቁር ቀለም ሁሉ ሐዘን አይደለም፤ የተረፈው እርሳስ ጥቁሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሟች አባቱን ከሥዕሉ ያስቀረ ልጅም መሣሉ ከብዶት፣ ወይም ወረቀቱ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ብለን በእርጋታ እንጠይቀው፤ ዝም ካለም እንተወው። አንሳቅበት፣ አናርመው፣ ያለ ፈቃዱም ለሌላ ሰው አናሳይበት። በተለይ ለለጋሾች ምስጋና ይሆን ዘንድ ደስተኛ ፊት እንዲሥል አናስገድደው። በትእዛዝ የተሣለ ፈገግታ የልጁን ልብ ይሸፍንብናል።

ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ከዑለማእ መካከልም በዚህ ተመርኩዘው ለሕፃናት ጨዋታ ያቀለሉ አሉ። የሚጠነቀቅ ቤተሰብም ልጁ ቤትን፣ ዛፍንና ዝናብን እንዲሥል ቢያደርግ ስሜቱን የሚገልጽበት መንገድ አይጠፋም።

ልጁ አንድ አስፈሪ ሥዕል ለሳምንታት ቢደጋግም፣ በተጨማሪም እንቅልፍ ቢነሳው፣ ምግብ ቢተው ወይም ከጓደኞቹ ቢሸሽ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

ስለዚህ ለየቲም ልጅ ደብተርና ቀለም ስንገዛ፣ አጠገቡ ተቀምጠን የምናደምጥበትን ጊዜ አብረን እንስጠው። አላህ (ሱ.ወ.) ለየቲሞች የሚራራ ልብ ይወፍቀን።