ማን ማንን ይሸከማል?
ሰው በእምነቱ ስለሚወልዳቸው አስቂኝ አማልክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አስቀድሞ የሚነበብ፦ ኢሳ. 46፥1-4፤ 1ኛ ነገ. 18፥20-40፤ 2ኛ ጢሞ. 2፥13



በዘመናችን የፈረንጅ መጻሕፍት አንድ ጨዋታ ተለምዷል። ይኸውም አዲስ አምላክ መፍጠር ነው። ደራሲው የሚያስቅ ሥራ ያለው አምላክ ያስባል፤ ለምሳሌ መሳቢያ ሲጣበቅ የምትጠራ ሴት አምላክ፤ ወይም የሰካራሞችን የማግስት ራስ ምታት የሚሸከም ምስኪን አምላክ። ቀጥሎም እነዚህ አማልክት የሚኖሩት ሰዎች ስላመኑባቸው ነው፤ እምነቱ ቢቀር እነርሱም ይቀራሉ ይላል።

ጨዋታው ወደ ክርክርም ገብቷል። በ2005 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቦቢ ሄንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለካንሳስ ግዛት የትምህርት ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ቦርዱ ፍጥረት ያለ አሳቢ አልተገኘም የሚለውን አስተሳሰብ በሳይንስ ክፍል ለማስገባት ይመክር ነበርና፥ እርሱም ዓለምን የፈጠረው በራሪ የስፓጌቲ ጭራቅ ስለ ሆነ የእኔም ትምህርት እኩል ጊዜ ይሰጠው ሲል ቀለደ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ብዙ አገር ዞሯል። እኛም ዘንድ ደርሶ፥ ጓደኞቻችን «የእናንተስ አምላክ በእናንተ እምነት የሚኖር አይደለምን?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል።

፩. ነገሩ አዲስ አይደለም

የጥንት ሮማውያን እንዲህ ያሉትን አማልክት ያለ ቀልድ ያመልኩ ነበር። የከተማቸው የቆሻሻ ውኃ ቦይ ክሎአኪና የምትባል ሴት አምላክ ነበረችው። ስንዴያቸውን ዋግ እንዳይመታው ሮቢጉስ ለሚባለው በየዓመቱ ይሠዉ ነበር። ለቤት በር እንኳ ሦስት አማልክት ሾመው ነበር፤ ፎርኩሉስ ለመዝጊያው፥ ካርዴያ ለማጠፊያው፥ ሊሜንቲኑስ ለመድረኩ። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ (354-430) ይህን አንሥቶ ተሣልቆባቸዋል። ለአንድ በር ሰው የሆነ አንድ በረኛ ሲበቃ፥ አማልክት ግን ሦስት ሆነው ለአንድ በር መመደባቸው ምን ዓይነት ድካም ነው ማለቱ ነው።

፪. ቅዱሳት መጻሕፍትም ሥቀዋል

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ 450 የበኣልን ነቢያት አምላካችሁ መንገድ ሄዶ ወይም ተኝቶ ይሆናልና ጮኻችሁ ቀስቅሱት እያለ ዘብቶባቸዋል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 44 ስለ አንድ አናጢ ይናገራል፤ ሰውየው ከአንድ ዛፍ ግማሹን አንድዶ እንጀራ ይጋግርበታል፥ ሥጋ ይጠብስበታል፤ በተረፈው ጣዖት ሠርቶ አድነኝ ይለዋል። በተረፈ ዳንኤልም ቤል የተባለው የባቢሎን ጣዖት በየቀኑ ብዙ በግና ዱቄት ይቀርብለት ነበር። ዳንኤል በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ አመድ ቢነሰንስ፥ በማግስቱ የካህናቱ፥ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው ዱካ ታየ። በላተኞቹ እነርሱ ኖረዋል!

እንግዲህ ሰው የወለደው አምላክ በሰው እጅ ይቀረጻል፥ በሰው እጅ ይመገባል፥ ሰው ሲረሳው ይጠፋል። ቀልደኞቹ ደራስያን ይህን ማለታቸው ስለ ጣዖት ከሆነ እውነት ብለዋል፤ ነቢያትም ቀድመዋቸዋል።

ነገር ግን በጣዖት መሣቅና በሰው መሣቅ አንድ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማዪቱን የሞሉትን ጣዖታት አይቶ መንፈሱ ተበሳጨ፤ ሰዎቹን ግን አልሰደበም፤ ከራሳቸው መሠዊያ ተነሥቶ አስተማራቸው (ሐዋ. 17፥16-23)።

፫. ኤሊ የሆነው አምላክ

የዚህ ጨዋታ ዋና ደራሲ እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቸት (1948-2015) ነው። በ1992 ዓ.ም. «ትንንሽ አማልክት» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። በታሪኩ ኦም የተባለ ታላቅ አምላክ በግርማ ሊገለጥ ሲያስብ ራሱን ኤሊ ሆኖ ያገኘዋል። በስሙ ትልቅ ቤተ መቅደስ፥ ብዙ ካህናትና አስፈሪ መርማሪዎች አሉ፤ ከልቡ የሚያምንበት ግን ብሩታ የሚባል አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው። ሌላው የሚሰግደው ለሥርዓቱና ለፍርሃቱ ነበር። እምነት ሲያንስ አምላኩም አነሰ።

ከዚህ ታሪክ የምንቀበለው አለ። ሕዝብ ሞልቶ፥ ዝማሬው ደምቆ፥ ልብ ግን ሩቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ጌታችንም ኢሳይያስን ጠቅሶ ተናግሮታል (ማቴ. 15፥8)። ደንብ ልብስ ለብሰን የምንቆም ሁሉ ራሳችንን እንመርምር።

የማንቀበለው ደግሞ አምላክ በአማኝ ቍጥር ያድጋል፥ ያንሳል የሚለውን ነው። በዕለተ ዓርብ ደቀ መዛሙርቱ ተበተኑ፤ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ። በኤሊው ታሪክ ሂሳብ ቢሆን በዚያን ሰዓት ከአምላክነቱ ምንም ባልቀረ ነበር። ወንጌሉ ግን በዚያው ሰዓት ምድር ጨለመች፥ ዓለቶችም ተሰነጠቁ ይላል። እርግጥ ጌታችን ዝቅ ብሏል፤ በግርግም ተኝቷል። ነገር ግን ራሱን ያዋረደው በፈቃዱ፥ ስለ ፍቅራችን ነው እንጂ አማኝ አጥቶ አይደለም (ፊልጵ. 2፥6-8)። ዝቅ ሲልም ከአምላክነቱ የጎደለ የለም።

፬. መለያው

ኢሳይያስ በምዕራፍ 46 ቀላል መለያ ይሰጠናል። ቤልና ናባው በእንስሳት ጀርባ ተጭነው ይሄዳሉ፤ ለደከመው እንስሳ ሸክም ናቸው፤ ራሳቸውን ማዳን አይችሉም። እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እስከ ሽበት ይሸከማል። ስለዚህ ማንኛውንም አምላክ «ማን ማንን ይሸከማል?» ብለን እንጠይቀው። የስፓጌቲው ጭራቅ ፈጣሪውም የተፈጠረበትም ዓመት ይታወቃል፤ በፈጣሪው ቀልድ ተሸካሚነት ይኖራል። እግዚአብሔር ግን እኛ ሳንኖር የነበረ፥ ያኖረንም ነው።

ይህ ለክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። ከቤተሰብ ርቆ ለትምህርት የሄደ ወጣት ጸሎቱ ይደርቅበታል፤ ልቡ ይጠራጠራል። ያን ጊዜ «እምነቴ አነሰ፤ እግዚአብሔርም ከእኔ ጠፋ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ሳያውቁት በኤሊው አምላክ ማመን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እኛ ባንታመን እርሱ የታመነ ሆኖ እንደሚኖር ያስተምራል። ዓይናችንን ብንጨፍን ፀሐይ አትጠልቅም፤ የምንጨልመው እኛ ነን። ስለዚህ የደከመው ወንድማችን እምነቱ እስኪበረታ ሳይጠብቅ በድካሙ ይምጣ፤ ንስሐ አባቱንም ያማክር። ተሸካሚው አልደከመምና።

፭. እስቲ በራሳችን እንጫወት

የእኛን ዘመን አማልክት እንፍጠር ብንል ብዙም አንቸገርም። የመጀመሪያው «አምላከ ስልክ» ነው። ጠዋትና ማታ ከግድግዳ ይመገባል። በምንሄድበት ሁሉ እንሸከመዋለን፤ ስንነቃ ከውዳሴ ማርያም በፊት እርሱን እንሳለማለን። ኔትወርክ ሲጠፋ እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን በመስኮት በኩል እንለማመነዋለን። ባትሪው ሲያልቅ ግን ራሱን ማዳን አይችልም! ሁለተኛው «አምላከ ውጤት» ነው። እንቅልፍ ይሠዋለታል፤ አንዳንዴም በኩረጃ እውነት ይታረድለታል።

ስልክም ውጤትም በቦታቸው መልካም ናቸው። አማልክት የሚሆኑት ልባችንን ስንሰጣቸው ነው። ሥቀን ስናበቃ የማንን ሸክም ተሸክመን እንደምንውል እናስብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኤልያስ በቀርሜሎስ፥ ጳውሎስ በአቴና የተናገሩበት መንገድ ለምን ተለያየ?
2. አንድ ጓደኛችሁ «አምላካችሁ የእምነታችሁ ልጅ ነው» ቢላችሁ በትሕትና ምን ትመልሳላችሁ? (1ኛ ጴጥ. 3፥15)
3. በዚህ ሳምንት የተሸከማችሁት «አምላክ» የትኛው ነው?

ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከመን አምላክ እስከ ፍጻሜው ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።