ምጣዱ ለምን አልግል አለ? የኤሌክትሪክ ስሌት ትምህርት

በፉሪ ተራራ ግርጌም ሆነ በሌላ ሠፈር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ መብራት የሚስብበት ጊዜ አለ። አምፑል ሲያበራ ምንም ያልሆነው ገመድ እንጀራ ሲጋገር ይሞቃል፤ ምጣዱም አልግል ይላል። ያን ጊዜ «ምጣዱ ተበላሸ» ይባላል። ጥፋቱ ግን የማን ነው? የምጣዱ ነው ወይስ የገመዱ? ይህን የሚለየው ሒሳብ ነውና አብረን እናስላ።

1. ሦስቱ ነገሮች

በክረምት ከተራራ የሚወርደውን ውኃ እናስብ። ከፍታው ውኃውን ይገፋዋል። በቦዩ የሚያልፈው ውኃ መጠን አለው። ቦዩ ሲጠብ ደግሞ ውኃውን ያግደዋል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው።

ገፊው ቮልቴጅ ሲሆን በቮልት ይለካል። በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ሲሆን በአምፔር ይለካል። አጋጁ ሬዚስታንስ ሲሆን በኦም ይለካል። ኦም የሚለው ስም የመጣው ይህን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ከጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም ነው።

2. ስሌቱ

ኦም = ቮልት ÷ አምፔር
ዋት = ቮልት × አምፔር

ዋት የኃይል መለኪያ ነው። በሀገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። የእንጀራ ምጣዱ 16 አምፔር ቢስብ፦

220 ÷ 16 = 13.75 ኦም
220 × 16 = 3520 ዋት

ይህ ባለ 60 ዋት አምፑል 58 ቢበራ ከሚወስደው ይበልጣል።

3. የገመዱ ነገር

ገመድም ሬዚስታንስ አለው። በሱቅ «1.5» ተብሎ የሚሸጠው የመዳብ ገመድ 40 ሜትር ርቆ ቢዘረጋ፣ የሽቦው መሄጃና መመለሻ 80 ሜትር ይሆናል። ሬዚስታንሱም 0.92 ኦም ያህል ነው። እንግዲህ፦

ጠቅላላው፦ 13.75 + 0.92 = 14.67 ኦም
ከረንቱ፦ 220 ÷ 14.67 = 15 አምፔር ያህል
በገመዱ የሚቀረው፦ 15 × 0.92 = 13.8 ቮልት
ለምጣዱ የሚደርሰው፦ 220 − 13.8 = 206.2 ቮልት
የምጣዱ ኃይል፦ 206.2 × 15 = 3093 ዋት
በገመዱ የሚባክነው፦ 13.8 × 15 = 207 ዋት

ምጣዱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ኃይል ነው። የባከነውን 207 ዋት ግን ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ ሒሳቡም ይከፈልበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ኃይል ገመዱን ማሞቁ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ወይም በምንጣፍ ተሸፍኖ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ቤትም ሊቃጠል ይችላል። ላልቶ የተቋጠረ መጋጠሚያ ካለ አደጋው ይብሳል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን የገመዱ ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አንርሳ።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. ለምጣድ ወፍራም ገመድ በባለሙያ እናዘርጋ። «4» የሚባለው ገመድ በዚያው ርቀት 0.35 ኦም ያህል ብቻ ስላለው የሚባክነው 85 ዋት ገደማ ነው።
ለ. በአንድ ገመድ ሁለት ምጣድ አንጣድ፤ ተራ በተራ እንጋግር።
ሐ. ፊውዝ ሲቃጠል በሚስማር ወይም በሽቦ አንተካው። እሱ የቤቱ ዘበኛ ነው።

መልመጃ

1. አንድ ካውያ በ220 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ሬዚስታንሱ ስንት ኦም ነው? ኃይሉስ ስንት ዋት ነው?
2. ይህ ካውያና ከላይ ያየነው ምጣድ በአንድ ባለ 16 አምፔር ፊውዝ ላይ አብረው ቢሠሩ ምን ይሆናል?

መልስ፦ 1. 44 ኦም፤ 1100 ዋት። 2. 16 + 5 = 21 አምፔር ስለሚሆን ፊውዙ ሊቆርጥ ይችላል።

ይህን ያነበበ ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት፤ ገመዱንም አብረው ይመልከቱ።