ክረምትን ከብዕር ጋር፦ ወደ ጸሐፊዎች ጉባኤ የሚሄድ ተማሪ ምን ይዞ ይሂድ?



ፈተናው እያለቀ ነው፤ ክረምቱም ገብቷል። ከመካከላችን በደብተሩ ጀርባ ግጥም የሚጽፍ፣ አጭር ልብ ወለድ ጀምሮ ያልጨረሰ ብዙ ነው። አንዳንዶቻችሁም «አዳር ያለው የክረምት የጸሐፊዎች ጉባኤ ብሄድ ምን አተርፋለሁ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን ከመጀመሪያው ልናገረው፦ ትልቁ ትርፍ መታረም ነው። መታረም ደግሞ አደብ ይፈልጋል።

ጉባኤው ምንድን ነው?

ጸሐፊዎች ለጥቂት ቀናት አንድ ቦታ እያደሩ፣ አብረው እየበሉ፣ ጽሑፋቸውን ጮክ ብለው እያነበቡ የሚተራረሙበት ስብሰባ ነው። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የሚካሄደው የብሬድ ሎፍ ጉባኤ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወሎን ደረሳ አስቡት። ከቀዬው ርቆ ሸሁ ዘንድ ያድራል፤ ሕዝቡ ያበላዋል፤ ኪታቡን ሸሁ ፊት ድምፁን አውጥቶ ይቀራል፤ ሲሳሳትም እዚያው ይታረማል። እንደ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች መንዙማን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ የጻፉልን ከዚህ ዓይነቱ የትምህርት ሕይወት ወጥተው ነው።

አንድ ቃል ያረመው ሰው

ከእስልምና በፊት ዐረቦች በጧኢፍ አቅራቢያ በዑካዝ ገበያ ይሰበሰቡ ነበር። ገጣሚው አን-ናቢጋ በቀይ ቆዳ ድንኳን ተቀምጦ የሌሎችን ግጥም ይዳኝ እንደነበር የአደብ መጻሕፍት ይተርካሉ። እንደ ትረካው ሐሳን ኢብን ሣቢት የወገኖቹን ቸርነትና ጀግንነት የሚያወድስ ግጥም አሰማ። ናቢጋም ገጣሚነቱን አልካደም፤ ነገር ግን ሳህኖቹንና ሰይፎቹን የጠራበት የብዙ ቁጥር ቅርጽ በዐረብኛ ለጥቂት ነገር የሚውል መሆኑን አሳየው። ሊያበዛ ፈልጎ አሳንሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ እርማቱ «አልወደድኩትም» የሚል ጥቅል ፍርድ ሳይሆን አንድ ቃል ላይ ጣት የሚጠቁም ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ቃል የታረመው ሐሳን ኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገጣሚ ሆነ፤ በመስጂዳቸውም ሚንበር ይቀመጥለት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። «ግጥም ለሙስሊም ይፈቀዳልን?» የሚል ካለ ሱረቱ አሽ-ሹዐራእን እስከ መጨረሻው ይቅራ። በየሸለቆው የሚዋልሉትን ገጣሚዎች ከወቀሰ በኋላ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ለይቶ ያወጣል።

የራሴ ገጠመኝ

እኔ የአንገር ጉቲን ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደ ወለጋ ከመጡት መካከል ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሥር ቀን የክረምት የጸሐፊዎች ሥልጠና ላይ ስለ አንገር ወንዝ የጻፍኩትን አራት ገጽ ይዤ ሄድኩ። «ገነት» የሚለው ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ነበረበት።

አንብቤ ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ በዕድሜ የገፉ ጸሐፊ፣ «ልጄ፣ ይኼ ጽሑፍ ስለ አዋሽም ሊሆን ይችላል። እናትህ ውኃ የምትቀዳው ከዚህ ወንዝ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ከቦኖ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ወንዙን መቼ አየኸው?»

«ወደ ነቀምት በመኪና ስናልፍ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ማታ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስከት አብሮኝ የሚያድረው የጅማ ልጅ አየኝና፣ «ሱብሒ ሰግደን ከዚያ ትሄዳለህ፤ አሁን መኪና የለም» አለኝ። ከሱብሒ በኋላ ሻይ እየጠጣን፣ «ወንዙን ተወውና እናትህ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። እናቴ ሰሊጥ ስታርም ከወሎ ይዛው የመጣችውን መንዙማ ታንጎራጉራለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች፤ ቀጣዩን የምታውቀው አያቴ ነበረች። አያቴ በሕይወት ሳለች እኔ ማንበብና መጻፍ እችል ነበር። ግን አንድም ቀን ብዕር አንሥቼ «እማማ፣ በይ ንገሪኝ» አላልኳትም።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ይኼንን ነው መጻፍ ያለብህ» አለኝ። ሻንጣዬን ፈታሁ። ሁለት ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻው ቀን ሳነብ ሽማግሌው፣ «አሁን የአንተ ሆነ» ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም።

ቤት እንደገባሁ እናቴ አጠገብ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍኩ። የጠፋውን ስንኝ ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ዛሬም ባዶ ነው። ያ ሽማግሌ ባያርሙኝ ኖሮ ግን የቀረውም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ረቂቁን ይዞ የሄደው ተማሪ

በሰኔ 1962 (እ.ኤ.አ.) በካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተካሄደ። ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ነበሩ። በዚያው ኮሌጅ ተማሪ የነበረው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ተገኘ። ከአቼቤ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሊረካ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ያልታተመ ረቂቁን እንዲያነብለት ሰጠው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱም በ1964 ታተመ።

ታሪኩ ሌላም ትምህርት አለው። በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአፍሪካ ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች በዚያ ጉባኤ ቦታ አልነበራቸውም። ንጉጊ ራሱ ኋላ ይህንን ተችቶ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ጊኩዩ ተመለሰ። በእኛ አካባቢ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እንናገራለን። አንደኛውም የሚያሳፍር አይደለም። ታሪኩ በየትኛው ቋንቋ እንደደረሰባችሁ አስታውሱና በዚያ ጀምሩ።

ከመሄዳችሁ በፊትና እዚያ ስትደርሱ

1. ኒያችሁን አስተካክሉ። ለመታየት የሄደ ሰው በመጀመሪያው ትችት ሻንጣውን ያነሣል። እኔ ምስክር ነኝ።

2. አንድ ያለቀ አጭር ጽሑፍ ያዙ። አሥር ጅምር ማንም አያርምላችሁም። ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ምላስ የሚያደናቅፈው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉም የታመመበት ነው።

3. አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ክፍያው ስንት ነው? ማደሪያው የወንድና የሴት ተለይቷል? ምግቡ ሐላል ነው? የሶላት ቦታ አለ? እህቶች ከቤተሰብ ጋር በጊዜ ተመካከሩ። የሶላት ሰዓታችሁን ለአዘጋጆቹ በትሕትና ብትነግሩ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይገጥማችሁም።

4. ስትታረሙ አትከራከሩ። የተባለውን ጻፉ፤ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን ያንን ቦታ ተመልከቱት።

5. ስታርሙ ቃሉን እንጂ ሰውየውን አትንኩ። የሚስቅ አትሁኑ። ማታ ሻይ የሚያፈላው ሁኑ።

6. ስትመለሱ በሳምንት ውስጥ ጽሑፉን እንደገና ጻፉት። ሳይዘገይ ካልተጻፈ ምክሩ ከክረምቱ ጋር ያልፋል።

ወደ ጉባኤ ለመሄድ አቅሙ ወይም ዕድሉ ያልገጠመው አይዘን። አምስት ሰው፣ አንድ ክፍልና ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ሰዓት ይበቃል።

በሐለቃችን ለመወያየት

— በቅርቡ ያጋጠማችሁ እርማት «አንድ ቃል ላይ ጣት የሚጠቁም» ነበር ወይስ ጥቅል ፍርድ? ልዩነቱ ምን አስከተለ?

— ከቤተሰባችሁ ውስጥ በቃል ብቻ የሚያውቀው ነገር ያለ ማን ነው? መንዙማ፣ ተረት ወይስ የመንገድ ታሪክ?

— በዚህ ክረምት ቤት ስትገቡ ከእሱ ወይም ከእሷ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። በመስከረም እዚሁ እንቀራዋለን፤ እንተራረማለን።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት፣ እውነተኛ ብዕርና እርማትን የሚሸከም ልብ ይስጠን። ለቤተሰቦቻችን ሰላምታችንን አድርሱልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።