ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ሰነፍ አይባል

በትምህርት ቤታችን አንድ የ10 ዓመት ልጅ ኳስ ሲጫወት ከጓደኛው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ወደ ክፍል ገባ። በሳምንቱ የቤት ሥራውን እየረሳ፣ በትንሽ ነገር እየተቆጣ፣ ዴስክ ላይ እየተኛ አስቸገረን። እኛም አንበረከክነው። ነገሩ የገባን እናቱ መጥታ «ከወደቀበት ቀን ወዲህ ልጄ ሌላ ሰው ሆኖብኛል» ስትለን ነው። ከጥፋታችን የተማርነውን ለወላጆችና ለመምህራን እናካፍላለን።

ጉዳቱ ምንድን ነው?
ጭንቅላት ሲመታ ወይም በኃይል ሲናወጥ የአንጎል ሥራ ለጊዜው ይታወካል። ልጁ ራሱን ባይስትም፣ ቁስል ባይታይበትም ጉዳቱ ሊኖር ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብርሃንና ጫጫታ መጥላት፣ መርሳት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ብስጭት ምልክቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ልጆች በ4 ሳምንት ውስጥ ይድናሉ።

ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች
ደጋግሞ ካስመለሰው፤ ራስ ምታቱ ከባሰበት፤ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ፤ ሰውነቱ ከተንፈራገጠ፤ አነጋገሩ ከተኮላተፈ፤ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፤ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ አትዘግዩ።

በቤት
1. በ2022 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተሰበሰቡ የስፖርት ሐኪሞች እንደመከሩት፣ ልጁ ከ1 እስከ 2 ቀን ይረፍ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀስ። ብዙ ቀን ጨለማ ቤት ውስጥ መዝጋት አይጠቅምም።
2. ሐኪም ካየው በኋላ መተኛት አይከለከልም።
3. አስፕሪን አትስጡት።
4. ጄሪካን አይሸከም፤ ወንድምና እኅት ያግዙት።
5. ጠያቂ መብዛቱ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ጫጫታው ያመዋል። ጎረቤቶች በየተራ፣ ለአጭር ጊዜ ይጠይቁት።

በክፍል
በመጀመሪያ ለግማሽ ቀን ይማር። ራሱን ሲያመው እንዲያርፍ እንፍቀድለት። የቤት ሥራውን እንቀንስለት፤ ፈተናውን እናቆይለት። ትምህርት ይቀድማል፣ ኳስ ይከተላል። ሳይድን ሁለተኛ ጊዜ ቢመታ አደጋው ይከፋልና፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሜዳ አይግባ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲወድቅ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ነገር ግን በማግስቱ ለአስተማሪው ንገሩ። እኛ ካላወቅን የምንቀጣው በሽተኛን ነው። ያ ልጅ ዛሬ ድኖ ይማራል፤ እኛም በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል።