በባጃጅ ወደ ዳይኖሰር ዘመን

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ዳይኖሰር ነው። ርዕሱን የመረጥኩት በክፍላችን ክርክር ስለተነሳ ነው። ግማሹ ልጅ «ዳይኖሰር የፊልም ነገር ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ነበረ፣ ግን ፈረንጅ አገር እንጂ እኛ ጋ አልነበረም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት በሐሳቤ አንድ ጉዞ አዘጋጅቻለሁ፤ አብራችሁኝ ግቡ።

ከከዚራ ባጃጅ ያዝኩ እንበል።

«የት ላድርስሽ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ 150 ሚሊዮን ዓመት።»

«አቦ! ሒሳቡንስ ማን ይችለዋል?»

እውነቱን ነው፣ በጣም ሩቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፦ 1 ኪሎ ሜትር በሄድን ቁጥር 1 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ እንመለሳለን። መንገዱ የዘመን መለኪያችን ነው ማለት ነው።

አንደኛ ፌርማታ፦ ገና 40 ሜትር እንደሄድን 40 ሺህ ዓመት ተመለስን። ከከተማችን አጠገብ ባለው ተራራ ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ በሚባለው ዋሻ ውስጥ፣ ሰዎች ቀይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየፈጩ ቀለም ያዘጋጃሉ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ለጥናት አስተዋወቁት። በኋላ በቁፋሮ ከተገኘው ውስጥ 40 ኪሎ ያህል የቀለም ድንጋይ አለ። ዳይኖሰር ግን የለም።

ሁለተኛ ፌርማታ፦ 3.2 ኪሎ ሜትር ላይ ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ በአፋር ምድር በሁለት እግሯ ትራመዳለች። አሁንም ዳይኖሰር የለም። ሾፌሩ «ኧረ የት ነው ያሉት?» አለኝ። «ጋሼ፣ ገና ሐረርም አልደረስንም» አልኩት።

ሦስተኛ ፌርማታ፦ ሐረርን አልፈን 66ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሰማይ አለት ዛሬ ሜክሲኮ በምንላት አገር ወድቆ ነበር። አቧራው ፀሐይን ጋረደ፣ ዕፅዋት ደረቁ፣ የሚበሉት ያጡ ትልልቆቹ ዳይኖሰሮች አለቁ። የተረፉት ወፎች ብቻ ናቸው። አዎ፣ ወፎች የዳይኖሰር ዘሮች ናቸው! የዶሮን እግር ቅርፊት አስተውላችሁ እዩት።

እዚህ ጋ አንድ ቁም ነገር ያዙ። ከሉሲ እስከ መጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተናል። ስለዚህ ሰው ዳይኖሰርን ሲያባርር ወይም ዳይኖሰር ሰው ሲበላ የምናይበት ፊልም ልብ ወለድ ነው።

አራተኛ ፌርማታ፦ ወደ ጅግጅጋ ስንቃረብ የጁራሲክ ዘመን ውስጥ ገባን። ወርጄ ድሬን ብፈልጋት የለችም! ሁሉም ባሕር ነው። ያኔ ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ባሕር አብዛኛውን የምሥራቅ ኢትዮጵያ ምድር ሸፍኖ ነበር። የባሕሩ ዛጎልና ደለል ከሥር ተከማችቶ፣ ተጭኖ፣ የኖራ ድንጋይ ሆነ። በድሬ ዙሪያ ካሉት ተራሮች እየተቆፈረ ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ደቻቱ ሲሞላ ያመጣው አሸዋና ጭቃ ዕቃ እንደሚቀብር አይታችሁ የለ? ዛጎሎቹም እንዲሁ ተቀብረው ነው ድንጋይ የሆኑት።

ዳይኖሰር ደግሞ የብስ ይፈልጋል። ስለዚህ ባጃጃችንን ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ አዞርን። እዚያ ባሕሩ ሸሽቶ ወንዞች ጭቃ አንጥፈዋል። ኤሊና አዞ ዳር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድንገት ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ! ሥጋ በል ዳይኖሰር በሁለት እግሩ መጣ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ያደነውን ሲነክስ አንድ ጥርሱ ተነቅሎ ጭቃው ላይ ወደቀ። ዳርቻው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ዳይኖሰር ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ስለሚቀይር ብዙም አልደነቀውም፤ ሄደ።

«አንሺዋና እንሂድ!» አለኝ ሾፌሩ።

እጄን ዘረጋሁ፣ ግን ተውኩት። ጥርሱን ኪሴ ከከተትኩት ማን ያገኘዋል? ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ጉድዊን የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከሰሜን ምዕራቡ የኢትዮጵያ ደጋ፣ ከዚያ ጭቃ ከተሠራ አለት፣ የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን ጽፈዋል። እኛ አገር ዳይኖሰር እንደነበረ ያወቅነው በነዚያ ትንንሽ ጥርሶች ነው። አንድ ሰው አንስቶ መጫወቻ አድርጓቸው ቢሆን ኖሮ «ፈረንጅ አገር ብቻ ነበረ» የሚለው ልጅ ክርክሩን ያሸንፍ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ተራራ ስትወጡ ዛጎል ያለበት ድንጋይ ብታዩ አትስበሩት። ዋሻ ግድግዳ ላይ ስማችሁን አትጻፉ። ቦታውን አስታውሱና ለመምህር ተናገሩ። ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ የአገራችን ሕግም ያዛል። ድንጋይ ከቦታው ከተነሳ ስንት ዘመን እንደቆየ የሚናገርለት አፈር አብሮት አይመጣም።

የቃላት ፍቺ
ቅሪተ አካል፦ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ የጥንት እንስሳ ወይም ተክል አካል
ደለል፦ ውኃ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር
የብስ፦ በውኃ ያልተሸፈነ ምድር

ጥያቄ
1. በድሬ ዙሪያ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ከዳይኖሰር ይልቅ ዛጎል የምናገኘው ለምንድን ነው?
2. በባጃጃችን መለኪያ 12 ዓመት የሆነው ልጅ ዕድሜ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል? (ፍንጭ፦ 1 ሚሊ ሜትር 1 ዓመት ነው።)

መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። በሌላ ጉዞ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!