በእንሽላሊት ቆዳ ላይ የሚታይ ምልክት፦ ከመድኃኒት በፊት ምርመራ

“ጺማሙ ዘንዶ” በመባል የሚታወቀው እንሽላሊት (ፖጎና ቪቲሴፕስ) የትውልድ ስፍራው የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ጉሮሮውን ሲነፋ ጺም ከሚመስሉት እሾሃማ ቅርፊቶቹ ነው። ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየቤቱ በብዛት ከሚያዙት ተሳቢ እንስሳት አንዱ ሆኗል። በዚህ እንስሳ ቆዳ ላይ መነሻው ያልታወቀ ምልክት ሲታይ ምን መደረግ አለበት?

አንድ ምልክት፣ ብዙ መንስኤ

የእንሽላሊት የላይኛው ቆዳ የተሸፈነው የሰው ጥፍርና ፀጉር በተሠራበት ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን ነው። እንስሳው ይህን ሽፋን በየጊዜው ስለሚገፍ፣ ሳይላቀቅ የቀረ ቁራጭ ደብዛዛ ነጠብጣብ መስሎ ሊታይ ይችላል። በጋለ ድንጋይ ላይ የተኛ እንሽላሊት ደግሞ ሆዱ ይቃጠላል። በሆድ ላይ የሚወጡ ጥቋቁር መስመሮች ግን የጭንቀት ወይም የብርድ ምልክት ሊሆኑና ብዙም ሳይቆዩ ሊጠፉ ይችላሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ናኒዚዮፕሲስ ጓሮይ የተባለው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ኬራቲንን እየተመገበ ያድጋል። በመጀመሪያ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ይታያል፤ ቀስ በቀስም እየሰፋ ወደ ጡንቻና ወደ አጥንት ይዘልቃል። ከአንዱ እንሽላሊት ወደ ሌላውም ይተላለፋል።

ምርመራው

በቆዳ ላይ ጉዳት የማያደርሱ ሻጋታዎችም ስለሚኖሩ የላዩን ጠረግ አድርጎ መመርመር ብቻውን አያስተማምንም። የእንስሳት ሐኪሙ ከቁስሉ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ ይወስዳል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፈንገሱ ክሮች ወደ ሕብረ ሕዋሱ መግባታቸው ይታወቃል። የፈንገሱን ዝርያ ለመለየት ደግሞ በቤተ ሙከራ ማሳደግና ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋሉ።

ሕክምናው

ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ፈንገስን አይገድልም፤ ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ፈንገሱን ሊያግዝ ይችላል። ትክክለኛው የመድኃኒት ዓይነት እንኳ ልዩነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ኢትራኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ ተሕዋሲውን ቢያጠፋም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 7 ጺማም ዘንዶዎች በሕይወት የተረፉት 2 ብቻ ነበሩ። ቮሪኮናዞል ከተሰጣቸው መካከል ግን የሞተው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ሐኪም ሊወስን ይገባል። ሕክምናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

የሙቀትም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው በመሆኑ፣ ማደሪያው ከቀዘቀዘ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። በመሆኑም በማደሪያው በአንደኛው ጫፍ የሚሞቅበት፣ በሌላኛው የሚቀዘቅዝበት ስፍራ ሊኖር ይገባል።

ባለቤቱ ከሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ምን ያድርግ?

- የታመመውን ከሌሎች ይለይ፤ የመመገቢያ ዕቃውንም ለብቻ ያድርግ።
- ምልክቱን በየቀኑ ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ ያንሣ፤ እየሰፋ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።
- ቅርፊቱን አይላጥ፤ ቅባትም አይቀባ።
- እንስሳውን ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉና።
- የታመመን እንስሳ ወደ ዱር አይልቀቅ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ከተማ፣ በዱር እንሽላሊቶች ላይ የዚሁ ፈንገስ የቅርብ ዘመድ የሚያስከትለው በሽታ ታይቷል።

እንግዲህ በቆዳ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱን የሚሰጠው ምርመራ ነው፤ መድኃኒትም ተራው ከዚያ በኋላ ነው።