እናቷ በዐረብ አገር ያለች ልጅና ትምህርቷ

ጥያቄ፤ የተከበሩ የሥነ ልቡና ባለሙያ፤ ልጄ ቤይሩት ለሥራ ከሄደች ወዲህ የ11 ዓመት የልጅ ልጄን ላሊበላ አሳድጋለሁ። «እኔ ሰነፍ ነኝ፤ እንደ እናቴ ዐረብ አገር እሄዳለሁ» እያለች ደብተሯን ትጥላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፤ ክብርት እናቴ፤ ሕፃን እናቷ ስለ ምን እንደ ተለየቻት በግልጥ ካልተነገራት ምክንያቱን በገዛ ራሷ ጉድለት ስለምትፈልገው፥ «ሰነፍ ነኝ» ማለቷ ከናፍቆት የመነጨ ይመስለኛል፤ እርስዎ ባሉበት በላስታ ደጋም ከትምህርት ፍሬ ይልቅ ከባሕር ማዶ የሚላከው ገንዘብ ለዓይን ይቀርባል። ስለዚህ እናቷ ስትደውል፥ ውጤት ከመጠየቋ አስቀድማ የሄደችበትን ምክንያት ትንገራት፥ የዕለቱንም ትምህርት ታስነብባት፤ እርስዎም ፊደል ባይቆጥሩ እንኳ ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጠው ያዳምጧት። «ዐረብ አገር እሄዳለሁ» ስትልም፥ ለዚያ ጉዞ የ2008ቱ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ስንኳ 8ኛ ክፍል መጨረስን ጠይቆ እንደ ነበር ይንገሯት። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከነሷት ግን፥ ለመምህሯ ነግረው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።